አንዱ ዳኛ ያለፈውን ውርወራ ሌላው ለምን «ኢሊጋል» ይለዋል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ የተወረወረች ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ትጫወታለች፤ ፒቸር ናት፣ ኳሷን ለመቺዋ የምትወረውረው ማለት ነው። በሰፈራችን ሊግ ጸደዩን ሙሉ ስትወረውር አንድም ዳኛ ምንም አላላትም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለውድድር ሜሪላንድ ሄድን። ዳኛው በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ‹ኢሊጋል› ብሎ እጁን ዘረጋባት። በአንዱ ምክንያት ሦስተኛ ቤዝ (ሯጮች ነጥብ ለማግኘት ተራ በተራ ከሚደርሱባቸው ማረፊያዎች አንዱ) ላይ የነበረችው ልጅ በነፃ ገባች፤ በዚያች ነጥብ ተሸነፍን። የሌላው ቡድን አሰልጣኝ ከጅምሩ ‹ክሮው ሆፕ! ክሮው ሆፕ!› እያለ ይጮህ ነበር። የኛም አሰልጣኝ ተጨቃጭቆ ከሜዳ ተባረረ። ልጄ መኪና ውስጥ ‹አጭበርባሪ ነኝ እንዴ?› ብላ አለቀሰች። ሕጉ ምንድን ነው? በዳኛው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል? እኔስ እንደ እናት ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጅዎ ጥያቄ ልጀምር፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። አላጭበረበረችም። በእግር ኳስ አንድ ተጫዋች ከመስመር ውጭ ኳስ ሲወረውር እግሩን ካነሳ፣ ዳኛው ኳሷን ለሌላው ቡድን ይሰጣል። ማንም «ሌባ» ብሎ አይሰድበውም። አወራወሩ ላይ ስህተት ነበር፣ አለቀ። ኢሊጋል ፒችም፣ ማለትም ሕጉን ያልተከተለ ውርወራ፣ እንደዚያው ነው። ይህን ዛሬ ማታውኑ ይንገሯት። ከዚህ በታች ያለው ለነገ ቢቆይ አይጎዳም።

እኔ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የልጃገረዶች ሶፍትቦል እዳኛለሁ። ኳሷ ስትራይክ ናት (መቺዋ ልትመታት በሚገባት ቦታ አልፋለች) አይደለችም የሚለው ጭቅጭቅ በአንድ ደቂቃ ይረሳል። የፒቸር እግር ጭቅጭቅ ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላም መኪና ማቆሚያው ድረስ ይከተለናል። ለምን ቢሉ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ኳሷን ነው። እግሯን የሚያይ የለም። ያላየነው ነገር ሲፈረድብን ደግሞ ግፍ ይመስለናል።

በልጅዎ የዕድሜ ክልል፣ ማለትም 12 ዓመትና ከዚያ በታች በሚባለው ምድብ፣ ፒቸሯ የምትወረውረው ከ40 ጫማ ነው። ወደ 12 ሜትር መሆኑ ነው። 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት 35 ጫማ ነው፤ ከ14 ዓመትና በታች ምድብ ጀምሮ ወደ 43 ጫማ ይርቃል። የምትቆምባት ነጭ ላስቲክ 24 ኢንች ርዝመትና 6 ኢንች ስፋት አላት። ይህችን 24 ኢንች ይያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሕጉ የሚጀምረው ከእግር ሳይሆን ከእጅ ነው። ፒቸሯ ላስቲኳ ላይ ስትወጣ እጆቿ የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ ኳሷ በጓንቲዋ ውስጥ ወይም በምትወረውርበት እጇ ሆና። እዚያው ቆማ ከካቸሯ (ከመቺዋ ኋላ ሆና ኳሷን ከምትይዘው) ምልክት ትቀበላለች፣ ወይም የምትቀበል መስላ ታያለች። አሰልጣኙ ከዳር ቁጥር እየጠራ እሷ ክንዷ ላይ ካሰረችው ካርድ ብታነብም ይህ አይቀርም። ከዚያ እጆቿን ታገናኛለች። ቢያንስ አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ አስር ሰከንድ። ብዙ ልጆች የሚቸኩሉት እዚህ ጋ ነው። እጃቸውን አገናኝተው ወዲያው ይወረውራሉ፤ ወይም መጀመሪያውኑ እጃቸውን አገናኝተው ላስቲኳ ላይ ይወጣሉ። ሁለቱም ኢሊጋል ነው። አንዴ መወርወር ከጀመረች በኋላ ደግሞ መሀል ላይ ማቆም የለም። ክንዷን ከአንድ ዙር ተኩል በላይ ማዞርም አትችልም። ኳሷ የምትለቀቀው ከታች ነው፤ እጇ ከዳሌዋ በታች ሆኖ፣ አንጓዋም ከክርኗ ይልቅ ከሰውነቷ ሳይርቅ።

ወደፊት የምትራመደው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ያ እርምጃ የሚያርፈው ከላስቲኳ ሁለት ጫፎች ወደ ሆም ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ ወደምትቆምበት ሰሌዳ) መስመር ቢሰመር በመስመሮቹ መሀል ነው። ያች 24 ኢንች ያልኩዎት ለዚህ ነው። እግሯ በከፊል መስመሩ ውስጥ ካረፈ ይበቃል። በአንዳንድ ሜዳዎች መስመሩ በኖራ ይሰመራል፤ ያኔ ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንሳል። በሌሎቹ ግን ዳኛው በዓይኑ ገምቶ ነው የሚፈርደው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ልጅዎ ቀኝ ከሆነች ላስቲኳን የምትገፋው በቀኝ እግሯ ነው። ከገፋች በኋላ ያ እግር ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ የጫማዋ ጣት መሬቱን እየፋቀ ወደፊት ይከተላታል። ድራግ የሚባለው ነው፤ በየትኛውም ሕግ ችግር የለውም። ሁለተኛ፣ በግፊቱ ኃይል ሁለቱም እግሯ ለቅጽበት አየር ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ስታርፍ ኳሷን ትለቃለች። ይህ ሊፕ ነው። ሦስተኛ፣ የገፋችበት እግር ከላስቲኳ ፊት ለፊት መሬት ላይ ያርፋል፣ እንደገናም መሬቱን ይገፋል፣ ኳሷም የምትወጣው ከዚያ ከሁለተኛው ግፊት ነው። ክሮው ሆፕ ይህ ነው።

ሊፕና ክሮው ሆፕን የሚያደባልቅ ሰው ብዛቱ! ወላጆች ያደባልቃሉ፣ አሰልጣኞች ያደባልቃሉ፣ አንዳንድ ዳኞችም ያደባልቃሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ድራግም ሊፕም ሰውነቷን ወደ መቺዋ ያስጠጓታል። ክሮው ሆፕ ግን አዲስ መነሻ ይሰጣታል። ላስቲኳ ላይ መቆሟ ትርጉም ያጣል፤ ውርወራዋ የሚጀምረው ሁለት ጫማ ቀደም ብሎ ካለ ባዶ መሬት ይሆናል። መቺዋ በ40 ጫማ ርቀት ልክ ተለማምዳ መጥታ ከዚያ ባነሰ ርቀት ትወረወርባታለች፤ ተጨማሪ ፍጥነትም አለበት። ሕጉ የሚከላከለው ያችን መቺ ነው። እሷም የሰው ልጅ ናት፣ እሷም 12 ዓመቷ ነው።

ሕግ አውጪዎቹ በቅርብ ዓመታት ሊፕን ተራ በተራ እየፈቀዱ ክሮው ሆፕን ግን እንደከለከሉ የቀጠሉት ለዚህ ነው። በወንዶች ፋስትፒች (ኳሷ በፍጥነት የምትወረወርበት የሶፍትቦል ዓይነት) ሊፕ ድሮም የተፈቀደ ነበር። በሴቶቹ በኩል ኤንኤፍኤችኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፌዴሬሽን፣ ከ2025 የውድድር ዘመን ጀምሮ ፈቅዷል። እግሯ ከመሬት ቢለቅም፣ እንቅስቃሴዋ ያልተቋረጠ ከሆነና ዳግመኛ ተክላ ካልገፋች ውርወራዋ ሕጋዊ ነው። በኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የአንዲት ልጅ የጫማ ጣት ከመሬት በአንድ ኢንች ለቀቀ አልለቀቀ ብሎ መጨቃጨቅ ጨዋታውን የሚያደማ እንጂ የሚያጸዳ አልነበረም።

የልጅዎ ችግር ከዚህ ሳይመነጭ አልቀረም። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ሶፍትቦል አንድ ሕግ የለውም። ውድድር የሚመራው እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ አለው። ዩኤስኤ ሶፍትቦል የራሱ የሕግ መጽሐፍ አለው። ዩኤስኤስኤስኤ የራሱ አለው። ፒጂኤፍም፣ ሊትል ሊግም፣ ትምህርት ቤቶቹም እንዲሁ። የሰፈር ሊጋችሁ በአንዱ ይጫወታል፤ ቅዳሜ የሄዳችሁበት ውድድር በሌላው ሊሆን ይችላል። ልጅቷ አንድ ናት፣ ውርወራዋ አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን በመጽሐፉ ይለያያል። ሁለቱ ዳኞች ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ቅጣቱ ራሱ ይለያያል። በሁሉም ዘንድ ለመቺዋ አንድ ቦል (የስትራይክ ተቃራኒ፣ ለመቺዋ የሚጠቅም ቆጠራ) ይቆጠርላታል። በአንዳንዶቹ ሕጎች ከዚህ በተጨማሪ ቤዝ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ቤዝ ይሄዳሉ። በሌሎቹ ደግሞ ያሉበት ይቆያሉ። እናንተ ጋ ከሦስተኛ ቤዝ የገባችው ልጅ በመጀመሪያው ዓይነት ሕግ ከሆነ በትክክል ገብታለች። ውድድሩ በሁለተኛው ዓይነት የሚመራ ከነበረ ግን ያች ነጥብ መቆጠር አልነበረባትም።

በነገራችን ላይ፣ ወላጆች ከቤታቸው አሮጌ የሕግ መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ አያለሁ። ሽፋኑ ላይ ኤኤስኤ የሚል ካዩ ይተዉት። ድርጅቱ ስሙን በ2017 ወደ ዩኤስኤ ሶፍትቦል ቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የዘንድሮውን ያግኙ።

ሁለተኛው ምክንያት የዳኛው ዓይን ነው። የ12 ዓመት ጎበዝ ፒቸር በሰዓት 45 ማይል ትወረውራለች እንበል። ይህ በሰከንድ 66 ጫማ ነው። ኳሷ ከእጇ ወጥታ መቺዋ ጋ ለመድረስ የሚቀራት 35 ጫማ ያህል ነው። ግማሽ ሰከንድ ገደማ። ከሆም ፕሌት ኋላ የቆመው ዳኛ እጇን ያያል፣ እግሯን ያያል፣ ኳሷን ይከተላል፣ ስትራይክ መሆኗን ይፈርዳል። ሁለት ዳኞች ሲኖሩ ቤዝ አካባቢ የሚቆመው ከጎን ስለሚያያት የእግሯን ነገር እሱ ይሻላል። ሁለቱም ኢሊጋል ማለት ይችላሉ። በሰፈር ሊግ ግን ብዙ ጊዜ ዳኛው አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ዳኛ የጫማ ጣቷን ላያይ ይችላል። ጸደዩን ሙሉ ማንም ምንም ያላላት ውርወራዋ ንጹሕ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የሚያይ ዓይን አልነበረም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን የምልዎት ልጅዎን ለመክሰስ አይደለም፤ እንድናጣራ ነው።

ዳኛው ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ሰው ስለሌለ ነው። ኤንኤፍኤችኤስ እንዳስታወቀው ከ2018-19 እስከ 2021-22 ባለው ጊዜ በሁሉም ስፖርት ወደ 50,000 የሚጠጉ የትምህርት ቤት ውድድር ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ስድብ የሰለቻቸው ብዙ ናቸው። የቀረነው በሁለት ሜዳ መሀል እንሮጣለን፤ አዳዲሶቹ ደግሞ በቂ ሥልጠና ሳያገኙ ሜዳ ይገባሉ።

አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል ወይ ላሉት፣ ይቻላል፤ ግን በአንድ ዓይነት ስህተት ላይ ብቻ ነው። የጭቅጭቁ ቁልፍ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ።

ዳኛ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ የማየት ነው። «ዳግመኛ ተክላ ገፋች» ብሎ ፈረደ፤ እርስዎ ደግሞ «አልተከለችም» ይላሉ። ይህ የዳኛው ግምገማ ነው። በየትኛውም መጽሐፍ አቤቱታ አይቀርብበትም። ቪዲዮ ቢያሳዩትም አይቀየርም፤ በልጆች ጨዋታ ዳኛ ስልክ አይቶ አይፈርድም። ሁለተኛው ስህተት የሕግ ነው። ያየውን በትክክል አየ፣ ግን ሕጉን አሳስቶ ሠራበት። አቤቱታ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ የናንተ አሰልጣኝ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ምን አዩ?» የሚል። ዳኛው «ዳግመኛ ተክላ ገፋች» ካለ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። አመስግኖ ተመልሶ ልጅቷን ማረጋጋት ነው። «ሁለቱም እግሯ አየር ላይ ነበር» ካለና የውድድሩ ሕግ ሊፕን የሚፈቅድ ከሆነ ግን ዳኛው ሕጉን ስቷል። «እንዲህ ስላደረገች ሁሉም አንድ ቤዝ ይሂዱ» ካለና የውድድሩ ሕግ ቤዝ የማይሰጥ ከሆነም እንዲሁ። ያኔ አሰልጣኙ «በዚህ የሕግ አተረጓጎም ላይ አቤቱታ አለኝ» ይላል። ይህን ማለት ያለበት የሚቀጥለው ኳስ ከመወርወሩ በፊት ነው። አንድ ኳስ ካለፈ ጊዜው አለፈ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚነሳ ክርክር ዋጋ የለውም። አንዳንድ ውድድሮች ለአቤቱታ ገንዘብ ያስይዛሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይቀበሉም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አሰልጣኙ ለአዘጋጁ ሁለት መስመር ይጻፍለት፤ በየትኛው ሕግ ነው የምንጫወተው? አቤቱታ ትቀበላላችሁ ወይ?

አጠያየቁም አለ። አሰልጣኙ «ታይም» (ጨዋታው ለአፍታ ይቁም) ብሎ ጠይቆ ይፈቀድለት፣ ይራመድ እንጂ አይሩጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብቻው ያናግረው። በሰው ፊት የተሰደበ ዳኛ ፍርዱን አያስተካክልም፤ ማንም ሰው ቢሆን አያደርገውም። በጸጥታ የተጠየቀ ዳኛ ግን ያየውን ይናገራል፤ ከጓደኛው ጋርም ሊመክር ይችላል። የናንተ አሰልጣኝ ሲባረር ልጅዎ የሚጠይቅላት ሰው አጣች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ፍርድ ብቻዋን ነው የተቀበለችው። ከሁሉም የከፋኝ ይኸኛው ነው።

የሌላኛው ቡድን አሰልጣኝም ነገር ዝም የሚባል አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው በ12 ዓመት ልጅ ላይ ከዳር ሆኖ «ክሮው ሆፕ» እያለ ሲጮህ ልጅቷን ሊያሸብር ነው እንጂ ሕግ ሊያስከብር አይደለም። እውነት ስጋት ካለው በሁለት ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) መሀል ዳኛውን ቀርቦ «እግሯን ቢያዩልን» ማለት ይችላል፤ መብቱ ነው። ለሚጮህ አሰልጣኝ ዳኛው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ለሥራ ባልደረቦቼም ያለኝ መልእክት ይህ ነው፦ የምንፈርደው ባየነው እንጂ በሰማነው አይደለም። ጩኸቱ ከተጀመረ በኋላ ድንገት እግሯ ታየን ከሆነ፣ ያየነው እኛ ነን ወይስ የጮኸው ሰው? ይህን ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

በሌላ በኩል «ልጆች ናቸው፣ እንለፋቸው» የሚሉ ዳኞችም አሉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ ነው፤ ግን ውጤቱ ርኅራኄ አይደለም። የ10 ዓመት ጀማሪ ላይ እኔም በመጀመሪያው ፍርድ አልሰጥም፤ ለአሰልጣኟ በኢኒንጎች መሀል እነግረዋለሁ። 12 ላይ ደርሳ በስህተቱ ጥቅም የምታገኝ ከሆነ ግን እናገራለሁ፣ ምክንያቱንም ለሷ በሚገባት ቋንቋ እነግራታለሁ። ዛሬ ያለፍናት ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ፣ ስካውት (ተጫዋች መልማይ) በተቀመጠበት ጨዋታ ላይ፣ ማንም ነግሯት በማያውቅ ነገር ትቀጣለች። ያኔ ለዓመታት የለመደችውን እግር በአንድ ሳምንት መቀየር አይቻልም። ዳኛው አራት ጊዜ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት አንዴ ሊያናግራት ይገባው ነበር። እዚህ ላይ ቅሬታዎ ቅሬታዬ ነው።

እጁን ሲዘረጋ ምን እየሆነ እንደነበርም ልንገርዎ፤ ከውጭ ሲታይ ግራ ያጋባልና። ዳኛው ኢሊጋል ሲያይ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ «ኢሊጋል» ይላል። ጨዋታው ግን ወዲያው አይቆምም። መቺዋ መምታት ትችላለች። መትታ አንደኛ ቤዝ በሰላም ከደረሰች፣ ሌሎቹም ሁሉ ቢያንስ አንድ ቤዝ ከሄዱ፣ ኢሊጋሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ካልሆነ የመቺዋ አሰልጣኝ ይመርጣል፤ ወይ ጨዋታው ያስገኘውን ውጤት፣ ወይ ቅጣቱን። ስለዚህ ልጅዎ እጁ ሲዘረጋ ካየች መወርወሯን አታቁም። ትጨርሰው። ብዙ ልጆች ደንግጠው ኳሷን ሜዳ ላይ ይጥሏታል፤ ያኔ ነገሩ ይብሳል።

አሁን እናጣራ። እውነት ክሮው ሆፕ ታደርጋለች ወይስ አታደርግም? ለዚህ ሁለት ዘዴ አለ። የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ከአንድ ኢኒንግ በኋላ፣ ወይም ልምምድ ላይ ብዙ ከወረወረች በኋላ፣ ከላስቲኳ ፊት ያለውን አፈር ይዩት። የምትጎትት ከሆነ ከላስቲኳ የተነሳ ያልተቋረጠ ጭረት ያያሉ። ጭረቱ ተቋርጦ ከፊት የሚጀምር ከሆነ ትዘላለች። ተቋርጦ ከፊት የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ፣ ጫማዋ ጠልቆ ገፍቶ የወጣበት ዓይነት፣ ያ ዳግመኛ መትከል ነው። አፈሩ ወገን የለውም። ምልክቶቹ እንዳይደባለቁ ግን ከመጀመሯ በፊት አፈሩን አስተካክሉት።

ሁለተኛው ስልክዎ ነው። ቀኝ ከሆነች በሦስተኛ ቤዝ በኩል ይቁሙ፤ ስትወረውር ደረቷ የሚዞረው ወደዚያ ነው። ስልኩን ዝቅ አድርገው ወደ መሬት ያስጠጉት፣ በዝግታ የሚያሳየውን ቀረጻ ይክፈቱ። ብዙዎቹ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል ያነሳሉ። ሲመለከቱት የሚጠይቁት ጥያቄ «እግሯ ከመሬት ለቀቀ ወይ?» የሚል አይደለም። «ካረፈ በኋላ ጉልበቷ ታጥፎ እንደገና ገፋ ወይ?» ነው። ልዩነቱ ጉልበቷ ላይ ይታያል።

አንድ ነገር ደግሞ ሜዳው ላይ አለ። ሰው ሁሉ በሚወረውርበት ሜዳ ከላስቲኳ ፊት ጉድጓድ ይፈጠራል። ከጉድጓዱ በላይ ያለፈ እግር አየር ላይ ያለ ይመስላል። ሊፕን ይከለክል የነበረው ሕግም ይህን ያውቅ ነበር፤ እግሯ ከመሬቱ ከፍታ በላይ እስካልወጣ ድረስ በጉድጓዱ ላይ ብትጎትት አይከለክላትም ነበር። ልጅዎ ኢኒንግ ስትጀምር ጉድጓዱን በእግሯ አፈር ታልብሰው። ቁርጭምጭሚቷም ይተርፋል።

ክሮው ሆፕ ሆኖ ከተገኘ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት ፍለጋ ነው። ልጅቷ ከላስቲኳ በደንብ ሳትገፋ ትነሳለች፤ ጉልበት ይጎድላታል፤ ሰውነቷ ያንን ጉድለት በሁለተኛ ግፊት ይሞላል። ስለዚህ «እግርሽን ጎትቺ» ብሎ መጮህ ብቻውን አይረዳም። የመጀመሪያውን ግፊት ማጠንከር ነው። ያለ ኳስ፣ ላስቲኳን ገፍታ አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆማ ትለማመድ። ቀስ ብላ፣ ከቅርብ ርቀት፣ ፍጥነት ሳይታይ። ከዚያ ወደ ግማሽ ፍጥነት። መጀመሪያ ላይ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯት፣ አለበለዚያ ተስፋ ቆርጣ ወደ ድሮው ትመለሳለች። የምትጎትት ልጅ የጫማዋ ጣት ቶሎ ያልቃል። ለዚህ የሚለጠፍ መሸፈኛ አለ፤ አዲስ ጫማ ከመግዛት ይረክሳል።

ለእርስዎ ደግሞ፣ ከመቺዋ ኋላ ካለው መረብ ይራቁ። ከዚያ ሆነው ዳኛውን ቢያናግሩ የሚሰማዎት ልጅዎ ናት፤ እሷም ኳሷን ትታ እናቷን ታያለች። ዳኛውን ማናገር የአሰልጣኙ ሥራ ነው። የሕጉን ገጽ አትመው ለአሰልጣኙ መስጠት ግን ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ልጅዎም ራሷ መጠየቅ ትችላለች። በኢኒንጎች መሀል፣ ኳሷን ስትቀበል፣ በአክብሮት «ምን አዩብኝ?» ብትል የሚቆጣ ዳኛ አላጋጠመኝም። እኔ እንዲህ ስጠየቅ ደስ ይለኛል፤ በእጄም አሳያታለሁ።

ጊዜውንም ልብ ይበሉ። ልጅዎ በቅርቡ ወደ 14 ዓመትና በታች ምድብ ትሻገራለች። ላስቲኳ በ3 ጫማ ትርቃለች፣ መቺዎቹም ይጠነክራሉ። ፍጥነት የሚጎድላት መስሎ የሚሰማት ያኔ ነው፤ ሁለተኛው ግፊትም በጣም የሚያጓጓት ያኔ ነው። እግሯን ለማስተካከል ጥሩው ጊዜ መጪው የብርድ ወራት ነው፤ ጨዋታ የለም፣ የሚቆጠር ነጥብ የለም፣ የሚጮህ ሰው የለም። አሰልጣኟ ከአሁኑ ያውቀው፤ በጥቅምት ይጀምሩ።